«እጅ ያውቀዋል»፦ ባገለገሉ መለኪያዎች ላይ የተደረገ ክርክር

የክርክሩ ርዕስ «በግቢው አነስተኛ የብረት ሥራ ወርክሾፕ ለሚከፍት ሰው ያገለገለ መሣሪያና መለኪያ ይበጀዋል» የሚል ነው። ደጋፊው ኮምቦልቻ ውስጥ በጓሮው ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ተክሎ የሚሠራ ባለሙያ ነው። ተቃዋሚው ደሴ ውስጥ ለረጅም ዓመታት የብረታ ብረት ሥራ ያስተማሩ መምህር ናቸው።

ከኮምቦልቻ

የምጽፈው ገንዘብ ለተረፈው ሰው አይደለም፤ ጓሮው ላይ ቆርቆሮ መትቶ ለሚጀምር ነው። ሞርሳ (ብረት አጥብቆ የሚይዝ መንጋጋ) ያገለገለ ይግዛ፤ ካልተሰነጠቀና ጥርሱ ካልተበላ ከአዲሱ ቀጭን ሞርሳ ይሻለዋል። ቶርኖ ላይ ግን አይቸኩል። የቶርኖ አልጋ ቶሎ የሚበላው ሥራው ከሚታሰርበት ራስ አጠገብ ነው። መቁረጫውን ተሸክሞ አልጋው ላይ የሚሄደውን ሠረገላ እዚያ ጋ ልክ አጥብቆ ወደ ሌላው ጫፍ ይግፋው፤ ጫፉ ላይ ከተያዘ አልጋው በራሱ በኩል ተበልቷልና ዋጋውን ይቀንስ ወይም ትቶት ይሂድ።

መለኪያም ያው ነው። የምሠራበት ማይክሮሜትር (የሚሊሜትርን መቶኛ የሚለካ መሣሪያ) ሚቱቶዮ የተባለው የጃፓን ሥሪት ነው፤ በዕድሜ ይበልጠኛል። ዕቃን በመንጋጋው ይዞ የሚለካው ካሊፐሬም ያገለገለ ነው። ጀርባው ላይ በሞረድ የተላሰ ቦታ አለው፤ ሻጩ ዝገት ለማስለቀቅ ነው ብሎኛል። መንጋጋውን ገጥሜ ወደ ብርሃን ሳነሳው ግን ክር የምታህል ጨረር እንኳ አላሳለፈም። የወፍጮ ዘንግ የምሠራው በእነዚህ ነው። ጥሩ ማይክሮሜትር ገና ሲይዙት ይታወቃል፤ እጅ ያውቀዋል።

ከደሴ

«እጅ ያውቀዋል»! ወንድሜ፣ ማይክሮሜትር የተሠራው እጅ ስለማያውቅ ነው። እጅህ ካወቀማ ለምን ገዛኸው? የወፍጮ ዘንግ በ0.05 ሚሊሜትር ከቀጠነ የኩሽኔታው (ዘንጉን አቅፎ የሚያዞረው ዕቃ) ውስጠኛ ቀለበት ዘንጉ ላይ መሽከርከር ይጀምራል፤ ይግላል፣ ዘንጉን ይበላዋል፤ ባለወፍጮውም ከሐርቡ ድረስ ተሸክሞት ይመለሳል። ያን ጊዜ እጅህን ታሳየዋለህ?

ያገለገለ ማይክሮሜትር ዜሮ ላይ ልክ ሆኖ መሐል ላይ ሊዋሽ ይችላል፤ የውስጥ ጠመዝማዛ ጥርሱ የሚበላው የቀድሞ ባለቤቱ ሲለካበት በኖረው ቦታ ነውና። መለኪያ የሚመረመረው ደግሞ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንጂ በኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሥር አይደለም። አዲስ ከነማረጋገጫ ወረቀቱ ግዛ።

ከኮምቦልቻ

መምህር፣ «አንተ» ማለትዎን በዕድሜዎ አሳብቤ አልፌዋለሁ። ወረቀቱን ግን አላልፈውም። ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ አዲስ ካሊፐር ከነወረቀቱ ገዝቶ አመጣልኝ። ወረቀቱ ባለማኅተም ነው፤ ሳጥኑ ላይ የፋብሪካው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል!

ስለ ሙቀት ላሉት፣ 100 ሚሊሜትር ብረት በ10 ዲግሪ ልዩነት የሚረዝመው 0.01 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ዘንጉም ማይክሮሜትሩም ብረት ናቸው፤ አንድ ቤት ካደሩ አብረው ይረዝማሉ፣ አብረው ያጥራሉ። መሐል ላይ ይዋሻል ያሉት እውነት ነው፤ ስለዚህም ገበያ የምወጣው ሦስት አዲስ ኩሽኔታ በኪሴ ይዤ ነው፤ የዓይነት ቁጥራቸው 623፣ 625 እና 608 ነው። የውጪ ስፋታቸው 10፣ 16 እና 22 ሚሊሜትር ነው፤ መደበኛው ደረጃ ከዚያ እንዲያንሱ የሚፈቅደው እስከ 0.009 ብቻ ነው፣ መብለጥማ ጭራሽ። ሻጩ ፊት ሦስቱንም እለካለሁ። አንዱ ላይ ከዋሸ ዕቃውን መልሼ ሰላምታ አቅርቤ እሄዳለሁ።

ከደሴ

ኩሽኔታው ራሱ እውነተኛ ለመሆኑ ማን መሰከረልህ? ስም ብቻ የለበሰ ኩሽኔታ በየሱቁ ሞልቷል። ወይስ እሱንም እጅህ ያውቀዋል? ሳይመረመር በቀረ ዕቃ ያልተመረመረ ዕቃ የሚመረምር ሰው ተማሪዬ ቢሆን ኖሮ ዓመቱን ይደግም ነበር።

ከኮምቦልቻ

አዲስ ዕቃ ስም ብቻ ሊለብስ ይችላል አሉ? እኔስ ምን አልኩ? «አዲስ ግዛ» ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።

ሦስቱን ኩሽኔታዎች የገዛሁት ከሦስት ሱቅ ነው። ሦስት ውሸታሞች ተማክረው አንድ ቁጥር አይሰጡም። እጅ ያውቀዋል ያልኩትም ማይክሮሜትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳዞረው አንድ ቦታ ላልቶ ሌላ ቦታ የሚጠብቅ ከሆነ ጣቴ ይነግረኛል ለማለት ነው። ሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ይህ ይጠፋዋል ብዬ አላምንም፤ ቃሏ ለክርክር ጥማው ነው እንጂ።

ከደሴ

ኩሽኔታውን ተወው። ከመነሻው የነገሩ ሥር ሌላ ነበር፦ ይህ ሁሉ ያገለገለ ዕቃ ከየት መጣ?

በ2014 በጦርነቱ ሁለቱም ከተሞቻችን ሲያዙ ፋብሪካውም ትምህርት ቤቱም ተዘርፏል። ስንመለስ የማስተምርበት ወርክሾፕ መሳቢያ ሁሉ ተጎልጉሎ ነበር። የማይክሮሜትር ሳጥኖቹ ወለሉ ላይ ተከፍተው ቀርተዋል፤ ውስጣቸው ያለው ሰማያዊ ጨርቅ የመሣሪያውን ቅርጽ እንደ መቃብር ይዞ ቀርቷል። በየካሊፐሩ ላይ የመዝገብ ቁጥር የመታሁት በገዛ መዶሻዬ ነው። ከዓመት በኋላ ገበያ ላይ «ያገለገለ፣ ንጹሕ» ተብለው የተደረደሩ ዕቃዎች አየሁ፤ የአንዱ ቁጥር የሚመታበት ቦታ ተልሷል። ምን ብዬ ልከራከር? ጥዬው ሄድኩ።

አንተ ደግሞ በሞረድ ዝገት አስለቀቁ ብለህ ጻፍክ። ዝገት በናፍጣና በጨርቅ ይለቃል። የብረት ሰው ነኝ የሚል ሰው ካሊፐር በሞረድ ሲላስ አይቶ ዝም ይላል?

ከኮምቦልቻ

ሌባ ነህ ለማለት ይህን ያህል መዞር አያስፈልግም ነበር። በዚያው ዓመት የእኔም በር ተሰብሮ የብየዳ ማሽኔ ሄዷል፤ አንድም ቀን ሰፈር ውስጥ ማንንም በጥርጣሬ አላየሁም። ርዕሱም ዕቃው ልክ ይለካል ወይስ አይለካም የሚል እንጂ የማን ነበር የሚል አልነበረም። በርዕሱ እንዳልተሸነፍኩ ይመዝገብልኝ፤ ካሊፐሩን ትናንት ማታ በሦስቱም ኩሽኔታ ደግሜ ለክቼበታለሁ፣ ልክ ነው።

ከለካሁ በኋላ ግን ገለበጥኩት። የተላሰው ቦታ የሁለት ጣት ስፋት አለው። ሞረዱ ጫፉ ላይ በደንብ አልደረሰም፤ ጥፍሬን ሳስኬደው ትያዛለች። በባትሪ ከጎን አበራሁበት፤ የአንድ አሃዝ ጭራ ቀርቷል፣ 1 ይሁን 7 አልለየሁትም።

መምህር፣ እርስዎ ቁጥሩን ሲመቱ የሚጀምሩት ከመንጋጋው በኩል ነው ወይስ ከጫፉ? የመጨረሻው አሃዝስ ስንት ነበር?