ወደ ኋላ መገልበጥም አለ

ተዳፋት ላይ ስለሚገለበጥ ትራክተር የጻፋችሁት ጥሩ ነው፤ ግን ያያችሁት ወደ ጎን መገልበጡን ብቻ ነው። እኔ የምሠራው ሐረር አካባቢ ነው። እዚህ ማሳው ቁልቁለት ነው፣ ቦረቦሩም በየክረምቱ ይሰፋል። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ወደ ኋላ መገልበጡ ነው። ጭቃ የያዘውን አይሱዙ ለመጎተት ሰንሰለቱን ትራክተሩ ላይ ከፍ አድርገው ያስሩታል። ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚረገጠው ፔዳል) በድንገት ሲለቀቅ የትራክተሩ የፊት ጎማ ብድግ ይላል። ሐረማያ አጠገብ ልክ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ሰንሰለቱ ተበጠሰና ትራክተሩ ተመልሶ ዱብ አለ። ሹፌሩ ልጅ ተረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን! ነገሩ የሚያልቀው በ2 ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ፍሪሲዮን ለመርገጥ እንኳ ጊዜ የለም። እባካችሁ፣ ሰንሰለቱ ታች ካለው መሳቢያ ብረት ላይ ብቻ ይታሰር።

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ ይግባ፤ መሃል ላይ መቀየር አደገኛ ነው። ትራክተሩ ሲገለበጥ ሹፌሩን እንዳይደፈጥጠው ከጀርባው የተተከለውን የብረት ቅስት ያደናቅፋል ብሎ የሚያስነቅል ሰው አለ፤ በጣም ያሳዝናል። ቅስቱ ካለ ቀበቶ ይታሰር። ቅስቱ ከሌለ ግን ቀበቶው አይታሰር፣ ሹፌሩን ከትራክተሩ ጋር አብሮ ያስቀራል። ፓራፋንጎ (የጎማው መሸፈኛ) ላይም ሰው አትጫኑ።

ጽሑፉን በአፋን ኦሮሞም ብታወጡት እዚህ ያሉ ብዙ ሹፌሮች ያነቡታል።