አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ ገበያውን ያቀዘቀዘው ዝናብ ብቻ አይደለም

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከሰዓት ለገሀር ታክሲ ስጠብቅ ዶፍ ያዘኝና አንድ የልብስ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ፣ ወደ ሃያ ሰው እንሆናለን። ወደ ውስጥ ገብቶ ልብስ ያየ አንድም ሰው የለም። ከየት መጣ ሳይባል ግን አንድ ልጅ ጃንጥላ ታቅፎ መጣና አስር ደቂቃ ሳይሞላ ሸጦ ጨርሶ ሄደ፣ ጠዋት ፀሐይ እያለ ቢመጣ ዞር ብሎ የሚያየው አልነበረም። ባለሱቋ በሩ ላይ ቆማ "ሰው ይሞላል፣ ብር አይገባም" አለችኝ።

ብዙ ነጋዴ ክረምት ገበያ ይገድላል ይላል። እኔ እንደማየው ግን ብሩ ቦታ ነው የሚቀይረው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰው ከሥራ ሲወጣ ፒያሳ ዞር ዞር ማለቱን ትቶ በቀጥታ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይሮጣል፣ ስለዚህ እግረ መንገዱን አይቶ የሚገዛው ሸሚዝ ጫማ ምናምን ሁሉ ይቀርና ብሩ ቦት ጫማ፣ ጃኬት፣ ትኩስ ሻይና መንገድ ዳር የሚጠበሰው በቆሎ ላይ ይውላል። የልብስ ሱቁ ኪራይ ግን ዝናብ አለ ብሎ አይቀንስም፣ እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ኳስም እንደዛው ነው፣ ሰዓቱና ወቅቱ ይወስነዋል። የኳታሩ ዓለም ዋንጫ ከኅዳር 11 እስከ ታኅሣሥ 9 ቀን 2015 ነበር፣ ዝናብ የለም፣ የኳታር ሰዓትና የእኛ ሰዓት ደግሞ አንድ ነው። ጨዋታው ከቀኑ 7 ሰዓት፣ 10 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት እያለ ስለሚመጣ ሰው ከሥራ ወጥቶ ካፌ ገብቶ ማየት ይችል ነበር፣ ጾመ ነቢያትም ገብቶ ስለነበር ሥጋ ቤቱ ባይጠቀም ሻይ ቡናው ተጠቅሟል። በፈረንጆች የ2026ቱን ደግሞ እዩት፣ ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12፣ ክረምት ላይ፣ ያውም አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ስለሆነ ብዙው ጨዋታ እኛ ጋ ሌሊት ነው። በዛ ብርድ ሰው ቤቱ ሆኖ ነው የሚያየው፣ ካፌው ጋ የሚደርስ ብር ትንሽ ነው።

ዝናቡንም የፊፋን ፕሮግራምም እኛ አናዝበትም። ስታዲየሙ ግን የራሳችን ነው!

ሱዳን ሄደን 5 ለ 3 ተሸንፈን ከመጣን በኋላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ሱዳንን እዚሁ 2 ለ 0 አሸንፈን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ የገባን ቀን እኔ ከጠዋት ጀምሮ ስታዲየም ዙሪያ ነበርኩ። ማሊያ ሻጩ፣ ባንዲራ ሻጩ፣ ፊት ላይ ቀለም የሚቀባው፣ ሱቅ በደረቴው፣ ሊስትሮው ሳይቀር ሥራ ነበረው፣ ማታ ደግሞ ሰው እየጨፈረ ከመስቀል አደባባይ እስከ ፒያሳ ሲሄድ ያገኘው ምግብ ቤት ሁሉ ይገባ ነበር። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ታላቁ ሩጫ ባለበት እሁድም ተመሳሳይ ነገር እናያለን፣ ግን እሱ በዓመት አንድ ቀን ነው።

ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነውስ? ሰኔ 2 ቀን 2014 ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ። ሜዳችን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (የካፍን) መስፈርት አላሟላም ተብሎ የሜዳችንን ጨዋታ ሰው አገር ሄደን ስንጫወት፣ በዛ ቀን እዚህ ሊሸጥ የሚችለው ማሊያ፣ ሻይ፣ ሳምቡሳ፣ የታክሲው ሂሳብ ሳይቀር እዛው ቀረ። ስለ ስታዲየም እድሳት ሲወራ ስለ ወንበር፣ ስለ ሳርና ስለ መብራት ይወራል፣ ትክክል ነው፣ ግን ዙሪያውን ሱቅ ከፍተው ኪራይ የሚከፍሉት ሰዎች ያጡት ገበያም አብሮ ይቆጠር። ፌዴሬሽኑም ከተማ አስተዳደሩም እድሳቱ መቼ እንደሚያልቅ ለነዚህ ነጋዴዎች ቀኑን ቆርጠው ይንገሯቸው፣ ዕቃ የሚያስገቡት በዛ ነውና።