ከአቃቂ ወንዝ ዳር

የባሕር ኤሊዎች ፌስታልን ጄሊፊሽ የሚባለው ለስላሳ የባሕር እንስሳ መስሏቸው እየዋጡ እንደሚሞቱ የሚገልጽ አንድ ጽሑፍ ያነበብኩት አቃቂ ወንዝ አጠገብ በሚገኘው ቤቴ ሆኜ ነው። ክረምት ላይ ጎርፉ ሲጎድል በወንዙ ዳር ባሉት ቁጥቋጦዎች ላይ ጥቁርና ሰማያዊ ፌስታል እንደ ቅጠል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የሃይላንዱ ጠርሙስ ደግሞ ቁልቁል ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። አቃቂ የሚገባበት አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ስለሚያበቃ፣ የውቅያኖሱ ጉዳይ እኛን አይመለከተንም የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። እኔ ግን በዚህ ፈጽሞ አልጽናናም፤ ባሕር ያልደረሰው ፕላስቲክ እዚሁ ፀሐይና ውኃ እየሰባበረው ከ5 ሚሊሜትር ወደሚያንስ ቅንጣት ይለወጣል፣ ጎመን በሚጠጣው የመስኖ ውኃም ውስጥ ይገባል። ባለፈው ዓመት የሞተች የሰፈራችን ላም ሆድ ሲከፈት፣ በሣር የተጠቀለለ የፌስታል ክምር ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ።