የላፕ ስቲል ፍሬት አያልቅም!

ወንድሜ፣ የገዛኸውን አሮጌ ላፕ ስቲል ጊታር "ፍሬቱ (አንገቱ ላይ ያሉት አግዳሚ መስመሮች) ተልጦ አልቋል፣ አስነቅለህ አዲስ አስገባ" ያሉህ ሰዎች ለክፋት አይደለም ግን ተሳስተዋል፣ እባክህ እንዳትነካው። ላፕ ስቲል ላይ ክሩ አንገቱ ላይ አይጫንም እኮ፣ ጊታሩን ጭንህ ላይ አስተኝተህ በግራ እጅህ የያዝከውን ብረት ክሩ ላይ እያንሸራተትክ ነው የምትጫወተው፣ ማሲንቆ ላይም ጣት ክሩን እንጨቱ ድረስ እንደማይጫነው በለው። እነዛ መስመሮች ብረቱን የት እንደምታቆም ለዓይን ምልክት ብቻ ናቸው፣ ብዙዎቹ ላይማ የተቀባ ቀለም ነው፣ ምኑ ያልቃል?

ክሩ ከፍ ማለቱም ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። የሚያርፍበትን ጫፍ ሞርደህ ዝቅ ካደረግከው ብረቱ አንገቱን እየነካ ይንኳኳል።

እውነት የሚያረጀው ኤሌክትሪኩ ነው፣ ቮልዩሙ ሲዞር ከተንኮሻኮሸ መጀመሪያ በኮንታክት ክሊነር እጠበው፣ የጃኩን (የገመዱን መሰኪያ) ብየዳ እይ፣ ፒካፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ክፍል) ዝም ካለም ሽቦው እንደገና ይጠቅለል ከማለትህ በፊት በመልቲሜትር ለካው፣ ሽቦው ከፀጉር ስለሚቀጥን በእጅ አትጎርጉረው። በተለይ ከ1932 ጀምሮ እንደተሸጠው የሪከንባከር "መጥበሻ" የሚሉት ላፕ ስቲል ክሩን ከላይ የሚያቅፍ የፈረስ ኮቴ ማግኔት ያለው ከሆነ፣ ለእጅ አይመችም ብለው አውልቀው ዘመናዊ ፒካፕ የሚተክሉበት ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል፣ ያ ድምፅ የሚመጣው ከዛው ነው! የግድ ከቀየርክ ግን አዲስ ቀዳዳ አትብሳ፣ የወጣውንም ዕቃ እስከ ብሎኑ ኬዙ ውስጥ አስቀምጠው።