ሞተር በጮኸ ቁጥር «ማርሹ ተበልቷል፣ ይከፈት» ለምትሉን

ኧረ በናታችሁ! ጣና ዳር የጀልባ ሞተር ድምፅ ባሰማ ቁጥር የሚሰጠው ፍርድ አንድ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ግር ግር ካለ «ማርሹ ተበልቷል»። ቋ ቋ ካለም «ማርሹ ተበልቷል»። ቢያፏጭም ማርሹ ነው። ከዚያ ቁልፍ ይመጣል፣ ማርሹን የያዘው የሞተሩ እግር ይፈታል፣ ጓርኒሲዮኑ (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) ይቀደዳል፣ ዘይቱ አሸዋው ላይ ይደፋል፤ አሳ አጥማጁም መረቡን ውኃ ውስጥ ትቶ ስንት ቀን ዳር ላይ ይቀመጣል። በመጨረሻ የሚገኘው ምን መሰላችሁ? ፕሮፔለሩ ሥር የተጠመጠመ የመረብ ክር! ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

ማርሽ አይበላም አልተባለም። ይበላል። ግን ማርሽ የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ በአንድ ፒንሳ፣ በአንድ ቁልፍና በቁራጭ ጠመኔ እዚያው ዳር ላይ ይታያላ!

መጀመሪያ ጆሮ ስጡት። ሞተሩ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳይገባ) እያለ ድምፁ ካለ ፕሮፔለሩ ንፁሕ ነው፤ አይዞርማ! ያኔ ወደ ላይ ነው የሚታየው። ሞተሩን ከኋላ ሳንቃ ጋር የሚይዙት ሁለቱ ማጥበቂያዎች ላልተው ሳንቃው ራሱ የሚንቀጠቀጥበት ጊዜ አለ፤ በእጅ አጥብቃችሁ እንደገና ስሙት። ድምፁ ማርሽ ሲገባ ብቻ ከመጣ ወደ ታች እንውረድ።

ከመውረዳችን በፊት ግን የማጥፊያውን ገመድ ንቀሉ፣ የካንዴላውን ሽቦም አውጡ። ፕሮፔለር በእጅ ሲያዞሩ ሞተሩ ቢነሳ ጣት አይተርፍም። ይሄን የሚዘል ሰው የቀረውን ባያነብም ግድ የለም።

አሁን ጎንበስ ብላችሁ በፕሮፔለሩና በእግሩ መካከል ያለችውን ክፍተት እዩ። ጣና ላይ ብዙውን ጊዜ መልሱ እዚያ ነው። ያ ቀጭን የላስቲክ ክር መረብ ተቆርጦ ሲንሳፈፍ ፕሮፔለሩ ይስበውና ወደ ውስጥ፣ ከነሐሱ ቀለበት ጀርባ ይጠመጠማል። ከውጭ አይታይም። ሲሽከረከር ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እንደ ሽቦ ይጠነክርና ፓራኦሊዮውን፣ ዘይት እንዳይወጣ ውኃም እንዳይገባ የሚያሽገውን ጎማ፣ ይቆርጣል። ፓራኦሊዮው ከተቆረጠ ውኃ ወደ ማርሹ ይገባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ከወራት በኋላ እውነትም ማርሹ ይበላል። እንግዲህ ማርሹን የበላው ያ በወቅቱ ያልወጣው ክር ነው። ፕሮፔለሩን ሳትፈቱ ከውጭ በቢላ ብቻ የምትቆራርጡ ሰዎች ደግሞ የቀረውን ወደ ውስጥ እየገፋችሁት ነው። ቢላው ፓራኦሊዮውን ሲያገኘው ምን እንደሚሆን ገምቱ።

እምቦጩም አለ። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁን የወረረው ይሄ አረም ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ጀልባው በሙሉ ይርገበገባል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ሰው ምን ያደርጋል? ነዳጅ ይጨምራል! ባያደርግ ነበር የሚሻለው። ፍጥነት ቀንሳችሁ፣ ፎሌ ላይ አሳርፋችሁ፣ ለጥቂት ሰኮንድ የኋላ ማርሽ ብታስገቡ አንዳንዱ ይፈታል። ካልተፈታ ሞተሩን አጥፍታችሁ አንሡና በእጅ አውጡ። ማቀዝቀዣ ውኃ የሚገባባትን ወንፊትም አብራችሁ ጥረጉ፤ ከሞተሩ ጀርባ የሚወጣው ቀጭን የውኃ ፍሰት ከሳሳ ወይም ከቆመ ጉዞውም ይቁም።

ፕሮፔለሩ ሲፈታ እንዲህ ነው። ኮፒሊያውን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚያግደውን ጫፉ የታጠፈ ፒን) በፒንሳ አቅኑና አውጡ። እንዳይዞር በአንዱ ክንፍና ከላይ ባለችው ጠፍጣፋ ሳህን መካከል እንጨት ሸጉጡ፣ ዳዶውን ፍቱ። የሚወጣውን ሁሉ በወጣበት ቅደም ተከተል ጨርቅ ላይ ደርድሩ። በተለይ ከፕሮፔለሩ ፊት ያለችው ወፍራም ቀለበት ፊትና ጀርባ አላት፤ ተዳፋቱ ወደ ሞተሩ እግር ነው የሚዞረው። ገልብጦ የገጠመ ሰው ፕሮፔለሩ በትክክል ስለማይቀመጥ አዲስ የመፋጨት ድምፅ ራሱ ፈጠረ ማለት ነው። ያንንም «ማርሹ ነው» ትሉታላችሁ። ዘንጉን ጥረጉት፣ ጥርሶቹን ውኃ የማይፈታው ግራሶ ቀቡ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። ዳዶው ጠብቆ ቀዳዳው ከኮፒሊያው ጋር ካልገጠመ ትንሽ ወደፊት አጥብቁ እንጂ ወደ ኋላ አታላሉ።

እሺ፣ አሁን ወደ ሚስማሩ። በኮፒሊያ ፋንታ ሚስማር! ይሄን ያህል ዋጋ ሞተር ላይ አውጥቶ ኮፒሊያ ላይ መሰሰት ምን የሚሉት ነው? ሚስማር ቀዳዳውን ስለማይሞላ ይንቀጠቀጣል፤ ያ ጥር ጥር የሚል ድምፅ እሱ ነው። ይዝጋል፣ ይቆረጣል፣ ዳዶው ይፈታል፣ ፕሮፔለሩ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የሐይቁ ጥልቀት ቢበዛ 14 ሜትር ነው እያላችሁ ለፍለጋ መጥለቅን አያምጣባችሁ። ከ2 እስከ 5 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ደግሞ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ የሚያያይዝ ለስላሳ ፒን አለ፤ ድንጋይ ሲመታ እንዲቆረጥ ታስቦ የተሠራ። በእሱ ፋንታ የብረት ቡለን የምትከቱ ጎበዞች፣ ፒኑ መቆረጥ ሲገባው ማርሹን ነው የምታስቆርጡት።

ክር ከሌለ፣ ፕሮፔለሩም በደንብ ከታሰረ፣ ክንፎቹን እዩ። የታጠፈ ክንፍ ለዓይን አይታይ ይሆናል፣ ለሽቦ ግን ይታያል። ሽቦ አጥፋችሁ ጫፉ አንዱን ክንፍ ለመንካት ትንሽ ሲቀረው ከሞተሩ እግር ጋር እሰሩት፣ ፎሌ ላይ በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሦስቱም ክንፎች በተመሳሳይ ርቀት ማለፍ አለባቸው፤ ልዩነቱ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ታጥፏል። ከዚያ ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ዘንጉን ብቻ አዙሩ። ጫፉ ክብ ከሠራ የታጠፈው ዘንጉ ነው፣ ፕሮፔለር መቀየር ገንዘብ መጣል ይሆናል። በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሐይቁ ሲጎድል፣ በደኅናው ጊዜ ከላይ የምታልፉት ድንጋይ ክንፍ ይመታል።

የክንፍ ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ጉድለት በጠፍጣፋ ሞረድ ይስተካከላል፤ ግን ከሦስቱም ክንፎች እኩል ነው የሚሞረደው። አንዱን ብቻ አሳጥራችሁ ሚዛኑን ካጠፋችሁት መንቀጥቀጡ ይብሳል። ተቆርሶ የጠፋ ካለ ብየዳው በአርጎን ይሁን። በተራ ኤሌክትሮድ አሉሚኒየም የሚበይድላችሁ ካገኛችሁ አመስግናችሁ እለፉ።

ሌላም አለ፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይሄድም። ይሄ ብዙ ጊዜ የፕሮፔለሩ የመሃል ጎማ መንሸራተት ነው። በጠመኔ ከመሃሉ ብረት እስከ ውጭው አካል አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ጠመኔው በውኃ የሚለቅ ከሆነ ቀለም ይሻላል። በሙሉ ጉልበት ትንሽ ነድታችሁ ተመለሱ። መስመሩ ለሁለት ከተከፈለ ጎማው ሄዷል። ይኸው ነው ምርመራው! ለዚህ ስንት እግር ተፈታ?

የጀልባ ሠሪዎችም ድርሻ አላችሁ። አጭር እግር ያለው ሞተር 38 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ረጅሙ 51 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የኋላ ሳንቃ ይፈልጋል። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ሳህን ከጀልባው ሆድ ጋር እኩል፣ ወይም 2 ተኩል ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ መቀመጥ አለባት። ሳንቃውን በግምት ከፍ አድርጋችሁ ስትሠሩት ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስባል፤ ከሰዓት ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ሲመጣ ሞተሩ ድንገት «ጓ!» ብሎ ይጮኽና ጉልበቱ ይጠፋል። አሳውን በሙሉ ከፊት ጭኖ የኋላውን ያስነሣም ያው ድምፅ ይሰማዋል። ጭነቱን ወደ ኋላ ማሳብ ነጻ ነው፣ ብር አያስከፍልም።

ጠጠር የተበተነበት የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁና ክንፉ ላይ ጥቃቅን ጉድጓድ ካያችሁ ግን እሱ አየር መሳብ አይደለም። ክንፉ ላይ ያለው ግፊት ወርዶ ውኃው ራሱ እየተነነ፣ አረፋው ሲፈነዳ ብረቱን እየበላው ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የተቆረሰ የክንፍ ጠርዝ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ትንሽ ቀድሞ ይጀምራል። ስለ ከፍታ ካነሣን፣ ባሕር ዳር ስሟ ነው እንጂ 1,800 ሜትር ላይ ናት! በየ300 ሜትሩ ሞተር 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ጣና ላይ ሲደርስ 18 በመቶ ገደማ ሄዷል። ለባሕር ጠረፍ የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ ይከብደዋል። እያጉረመረመ ሙሉ ዙሩ ላይ የማይደርስ ሞተር ሲገጥማችሁ፣ አዲስ ስትገዙ በፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት በሚሄደው ርቀት) አንድ ወይም ሁለት ኢንች ያነሰ ጠይቁ።

ይሄ ሁሉ ታይቶ ድምፁ ካልጠፋ፣ አዎ፣ አሁን ማርሹን ጠርጥሩ። ያኔም ከመክፈት በፊት በርሜል አለ። ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ እግሩን ከሳህኗ በላይ እስኪሸፈን በርሜል ውኃ ውስጥ ንከሩ፣ በዝቅተኛ ዙር ማርሽ አስገቡ። ያለ ውኃ አታስነሱ፤ የውኃ ፓምፑ ጎማ በሰኮንዶች ይቃጠላል። ድምፁ ከጠፋ በአብዛኛው ጥፋተኛው ፕሮፔለሩ ነው። ካልጠፋ፣ ወይም ከተጠራጠራችሁ፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ባደረ ጠዋት የእግሩን የታችኛዋን ቡለን ጥቂት አላልታችሁ ዘይቱን መዳፍ ላይ አንጠባጥቡ። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል። ማግኔት ካላት ቡለን ላይ ግራጫ ልሙጥ ዝቃጭ የተለመደ ነው፤ የሚወጋ የብረት ቅንጣት ከሆነ ብቻ እግሩ ይከፈት። ዘይት ስትሞሉም ከታች ነው፣ ከላይኛዋ ቀዳዳ እስኪወጣ፤ መጀመሪያ የላይኛዋን ዝጉ። 15 የፈረስ ጉልበት ላለው ሞተር ሩብ ሊትር ገደማ የ90 ማርሽ ዘይት ይበቃዋል። ከላይ የሚያፈስ አየር ያስቀርበታል።

ፒንሳ፣ ትርፍ ኮፒሊያ፣ ጠመኔ፣ ቁራጭ ሽቦ። ሁሉም አንድ የቲማቲም ጣሳ ውስጥ ይገባል። እና እባካችሁ፣ ያንን ሚስማር ዛሬውኑ አውጡት።