ጣሪያ ላይ የወጣ እኩልነት

ፈረንጆቹ ያሳዝኑኛል። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ እንስሳት መጽሐፉን ካወጣ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋል። ሰው የሚከበረው ስለሚያስብ ከሆነ፣ ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለበትን አክብረን እንስሳውን የምንንቀው በምን ሒሳብ ነው? ይላል ሰውዬው። አካል ጉዳተኞቹ ተቆጡ፤ ለእንስሳ ጥብቅና ለመቆም እኛን ዝቅ ማድረግ ምን አመጣው አሉ። ሃሪየት ማክብራይድ ጆንሰን የተባለች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምትንቀሳቀስ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ2002 ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዳ ፊት ለፊት ሞገተችው። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ብቅ ቢሉ ኖሮ በአንድ ጠዋት ይቋጭላቸው ነበር።

ከመሐል ሜዳ የሚመጣውን አውቶብስ ተመልከቱ። ጣሪያው ላይ የመንዝ በግ አራት እግሩን ተጠፍሮ ተጋድሟል። ከጎኑ ተሽከርካሪ ወንበር በዚያው ገመድ ታስሯል። ባለቤቱን ሁለት ጎረምሶች ብብቱን ይዘው እንደ ጆንያ ወደ ውስጥ አስገብተውታል። ረዳቱ የበጉን ሒሳብ ይቀበላል፣ የሰውዬውን ይቀበላል፣ ከዚያ የወንበሩን ይጠይቃል።

«ወንድሜ፣ እሱ እኮ እግሬ ነው!»

«ታዲያ የበጉ እግር የት ያለ መሰለህ?»

እንዲህ ያለ አድልዎ የሌለበት ፍርድ ፕሪንስተን ውስጥ አይገኝም።

የጋሪ ፈረሳችንንም እዩልን። ደህና እያለ ስም አለው፣ ግንባሩ ላይ ቀይ ጌጥ አለው። ያነከሰ ዕለት ማታ አስፋልት ዳር ይለቀቃል፤ ቀሪውን ጅብ ያውቃል። ባለቤቱ «ለቀቅሁት» ነው የሚለው፤ ነፃነት ሰጠው ማለት ነው። የገዛ ልጃችንን ግን እንዲህ አናደርግም፣ እግዜር ያሳያችሁ! የጓሮዋ ክፍል ውስጥ አስቀምጠን፣ እንግዳ ሲመጣ በሩን እንዘጋለን። ብርዱም እኮ ከባድ ነው።

ለፋሲካ በግ የምንመርጥበትን ዓይን ደግሞ ማን ይስተካከለዋል? ጥርሱን ገልጠን፣ ወገቡን ዳብሰን፣ ላቱን መዝነን፣ ትንሽ አስኪደን እናያለን፤ ካነከሰ ዋጋ ጠይቀን እንኳ አናውቅም። ይህ ጥበብ ገበያ ላይ ብቻ እንዳይቀር ወደ ሥራ ቅጥርም አምጥተነዋል። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛውን በጉዳቱ ምክንያት ከሥራ ማግለልን ይከለክላል። ጥሩ አዋጅ ነው። ፈታኙ ግን የገበያ ልጅ ነውና ቀድሞ የሚያየው ከበሩ እስከ ወንበሩ ያለውን አረማመድ ነው። ዲግሪው እስኪገለጥ ድረስ «እንደውልልሃለን» ተብሏል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ አልክድም፣ ሚዛናችን ወደ እንስሳው ያጋድላል። በሬ አይሱዙ ላይ ሲጫን አፈር ተቆልሎ፣ ተደልድሎ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣበት መንገድ ይዘጋጅለታል፤ ወድቆ ከተሰበረ ዋጋው ይወርዳላ! የሕንፃ አዋጁ 624/2001 በአንቀጽ 36 ለሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መወጣጫ አዟል። ለመሥሪያ ቤቶቻችንም ይደልደልልን ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ መብት ነው። ማመልከቻ የሚቀበለው ክፍል ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ነው።