ለልጅ ዱቤ የሚሰጥ ሰፈር

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምናገራችሁ ስለ ስልክ ጌም ነው። «እሱ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለውና?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የልጆች ጉዳይ ነው ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ። ያለፈው እሑድ ኮሚናላችን ውስጥ ያየሁት ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ስለዚህ ትሰሙኛላችሁ። አንዳንዶቻችሁ እዚያው ስለነበራችሁ በደንብ ትሰሙኛላችሁ።

በግቢያችን አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። የእሷን ልጅ የሚያሳድጉት እሳቸው ናቸው። ልጁ 13 ዓመቱ ነው። ተላላኪ ነው፤ አስቤዛ ይዛችሁ ስትመጡ ሮጦ ተቀብሏችሁ አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያደርስ ዓይነት ልጅ።

እማማ ማንበብ አይችሉም። ስልካቸው ያለው በልጁ እጅ ነው። ብር ገባ የሚለውን መልእክት የሚያነብላቸው እሱ፣ ካርድ የሚሞላላቸው እሱ፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያስገባላቸውም እሱ። ስልኩን እናቱ ናት በሰው የላከችው። ኢሞ ላይ ስትደውል ፊቷ ደህና አድርጎ እንዲታያቸው ብላ ስክሪኑ ሰፋ ያለ መርጣ።

እዚያ ስልክ ላይ ጌም ጫነ። ስሙን አልጠራም፤ ልጅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ሰው ከአውሮፕላን በፓራሹት ይወርዳል፣ መሣሪያ ይለቅማል፣ አንድ እስኪቀር ይጋደላል። መጫወቱ በነፃ ነው። ብሩ የሚፈለገው ለልብሱ፣ ለጠመንጃው ቀለም፣ ገድለህ ስትጨርስ ለምትጨፍረው ጭፈራ ነው። ልጆቹ ስኪን ይሉታል። ስኪኑ ደግሞ በብር አይገዛም፤ በዳይመንድ ነው። በብር የሚገዛው ዳይመንዱ ነው። ለምን እንዲህ ዙሪያ ጥምጥም እንደሚያስኬዱት ገብቷችኋል? 300 ብር ሲወጣ ያማል። ዳይመንድ ሲወጣ አያምም። አንዳንዱን ልብስ እንደውም በቀጥታ አትገዛውም። ዕጣ ታዞራለህ፤ ይወጣልህ ወይ አይወጣልህ እንጃ። ካልወጣ ደግመህ ታዞራለህ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እኛ አገር አብዛኛው ሰው ጌሙ ውስጥ ሆኖ በባንክ ካርዱ መክፈል አይችልም። ስለዚህ መሀል ላይ የሚያገናኝ ሰው ያስፈልጋል። ቴሌግራም ላይ ሞልተዋል፤ በየሰፈሩም አሉ። ልጁ የመለያ ቁጥሩን ይሰጠዋል፣ ብሩን ይልክለታል፣ ሰውዬው ዳይመንዱን ይሞላለታል፣ ትርፉን ይይዛል። አንድ ልጅ የአያቱን ብር ለመጨረስ የግድ የትልቅ ሰው እጅ ያስፈልገዋል ማለት ነው። እኛ ሰፈር ያ ትልቅ ሰው አልጠፋም።

ሞባይል ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከግቢያችን በር ፊት ለፊት ነው። ስክሪን ይቀይራል፣ ከቨር ይሸጣል፣ ፊልም ይጭናል። ክፉ ሰው አይመስልም፤ እንደውም ሰላምተኛ ነው። ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ለመትከል ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። እማማን ሲያገኛቸው ጎንበስ ብሎ «እማማ እንዴት አደሩ?» ሳይል አያልፍም።

ልጁ መጀመሪያ 50 ብር ላከለት። ከዚያ 100። ከዚያ 300። በላከ ቁጥር መልእክቱን ያጠፋል።

እማማ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ አልቆባቸው ፋርማሲ ሄዱ። ሊከፍሉ ሲሉ ስልኩን ለፋርማሲዋ ልጅ ሰጧት። «እማማ፣ 37 ብር ነው ያለው» አለቻቸው። አላመኑም። ልጃቸው 14,000 ብር ከላከች ገና ወር አልሞላም። አስቤዛውና ኪራዩ ቢወጣም ቢያንስ ግማሹ መኖር ነበረበት። «የኔ ልጅ፣ እስቲ ደግመሽ እይልኝ» አሏት። ደግማ አየችላቸው። ስትሪፑን ባንኮኒው ላይ ትተውት ወጡ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ሲያለቅሱ ጎረቤት አገኛቸው። የሂሳቡን ዝርዝር ከፍተን ስናይ ተቀባዩ ሁሉ አንድ ስም ነው።

ለእናቱ ሊነገራት ይገባል ተባለ። ኢሞ የሚከፍትላቸው ግን እሱ ነው። ራሱን የሚያስከስሰውን ስልክ ራሱ ደወለ። እናቱ ማዳሟ እንዳትሰማት መታጠቢያ ቤት ገብታ ነው ያነሳችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምታለቅሰው። እንደዚያ ዓይነት ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ስለ ብሩ አይደለም የጠየቀችው። «እማዬ መድኃኒቷን ሳትወስድ ስንት ቀን ሆናት?» ነው ያለችው።

እሑድ ሽማግሌ ተቀመጠ። ባለሱቁም ተጠራ። እሰይ አልኩ በልቤ፤ ሊጠየቅ ነው። ደብተር ይዞ መጣ። ባለ 50 ሉክ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ። በአንዱ ረድፍ የልጆቹ መለያ ቁጥር፣ በአንዱ ብሩ፣ በሦስተኛው «ቀሪ» ይላል። ቀሪ የሚለው መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ ዱቤ ነው! ሰውዬው ለ13 ዓመት ልጅ ዳይመንድ በዱቤ ይሰጣል። ገጹን ሲገልጥ አየሁ፤ የሌሎችም ልጆች ቁጥር አለ። የእናንተም ልጅ ይኖርበት ይሆናል፤ እንጃ።

ጉሮሮውን ጠረገና «በሆነው ነገር በጣም አዝኛለሁ፤ ግን 640 ብር ቀሪ አለኝ» አለ።

ሳይቀልድ ነው። ተሳስቷል፣ አሁን አንድ ሰው ተነስቶ ያዋርደዋል ብዬ ዙሪያዬን አየሁ። አንደኛው ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁና «ሂሳብ ሂሳብ ነው» አሉ። መዋጮ ተሰበሰበ። ከፈልነው። እኔም አዋጥቻለሁ። ለእማማ መድኃኒት ያልተዋጣ ብር ለዳይመንድ ዱቤ ተዋጣ።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞርን። «ለምን አደረግከው?» ተባለ። አንገቱን ደፍቶ «ያለ ስኪን ስገባ ኑብ ይሉኛል» አለ። ሳቃችሁ። ኑብ ማለት ጀማሪ፣ ጨዋታ የማይችል ማለት እንደሆነ የነገረን ከኋላ የቆመ አንድ ጎረምሳ ነው፤ እሱም እየሳቀ። ምኑ ነው የሚያስቀው? እናቱ ካጠገቡ የለችም። ጓደኞቹ ያሉት እዚያ ጌም ውስጥ ነው። እዚያም ንቀት ሲመጣበት ክብር የሚሸጥለት ሰው በራችን ላይ ሱቅ ከፍቶ ተቀምጧል። የራሱ ካልሲ ተረከዙ ላይ የተቀደደ ልጅ፣ ስልክ ውስጥ ላለ ሰውዬ ካፖርት ገዛለት። ይህን ሰምቶ ሰው ያለቅሳል እንጂ ይስቃል?

ድንጋይ አሸከምነው። ከአጥሩ ሥር ተነስታ የመጣች ኮብልስቶን። አንገቱ ላይ አድርጎ ከበሩ እስከ እማማ እግር ድረስ ሄደ። አንዱ በስልኩ ይቀርጽ ነበር። ባለሱቁ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ተሰጥቶት 640 ብሩን ይቆጥራል። ሰው ሆነው የተገኙት እማማ ብቻ ናቸው። ልጁ ተንበርክኮ ሳይጨርስ «ኧረ ተዉት፣ አንገቱን አትስበሩብኝ» ብለው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ሰውዬው ለዚያው ልጅ አረቄ በዱቤ ሸጦለት ቢሆን ሱቁን አናሳሽግበትም ነበር? በአገራችን ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መጠጥና ሲጋራ መሸጥ በሕግ ክልክል ነው። 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ደግሞ አካለ መጠን አላደረሰም። ታዲያ ዱቤው ለማን ተሰጥቶ ነው ከእማማ የተጠየቀው? ይህን ለማወቅ ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። ትንሽ ይሉኝታ ይበቃ ነበር። እኛ ግን ይሉኝታችን ሁሌ ለትልቁ ነው። ከባለሱቁ ጋር ነገ ሻይ እንጠጣለን፣ ስክሪናችን ሲሰበር እሱ ጋ ነው የምንሄደው። ከ13 ዓመት ልጅ ጋር ማን ይቀያየማል?

ሌላው ዓለም እንደኛ አልተኛም። እ.ኤ.አ. በ2018 ቤልጂየም ውስጡ የማይታወቅ የጌም ሳጥን በብር መሸጥ ቁማር ነው ብላለች። በ2022 መጨረሻ ላይ ደግሞ ፎርትናይት የተባለውን ጌም የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር 520 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚያ ውስጥ 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉ እንዲከፍሉ ለተደረጉ ተጫዋቾች የሚመለስ ነው። ልጆች ወላጅ ሳያውቅ መግዛታቸው አንዱ ክስ ነበር። እዚያ የተጠየቀው ሻጩ ነው። ልጆቹን ድንጋይ ያሸከማቸው የለም።

ጌም ጠላቴ እንዳይመስላችሁ። እኛም ተጫውተናል። ብሪክ ጌም በእጃችን ይዘን ጡብ ስንደረድር አምሽተናል። የኖኪያዋን እባብ ዴስክ ሥር ደብቀን ስንጫወት ተቀጥተናል። ግን እባቧ ራሷን ነክሳ ስትሞት ሞተች። ልነሳና ብር ክፈለኝ ብላ አታውቅም። ጓደኛህ ካንተ የተሻለ እባብ ገዝቶ አይንቅህም። ባትሪውም ያልቃል፤ ተነስተህ ውጭ ትወጣለህ። አሁን ያለው ተነስተህ እንዳትሄድ ተብሎ የተሠራ ነው። ዛሬ ካልገባህ ሽልማቱ ያመልጥሃል ይልሃል፤ ቡድንህ እየጠበቀህ ነው ይልሃል። ይህን የሚያስቡ፣ በደመወዝ የሚያድሩ ትልልቅ ሰዎች አሉ። የሚገጥማቸው ደግሞ እናቱ ሪያድ ያለች ልጅ ነው።

ደግሞስ ልጁን የምንገስጸው በየትኛው አፋችን ነው? እናንተ አባቶች፣ እስቲ ታክሲ ውስጥ ስልካችሁ ላይ የምትከታተሏትን የቁማር አውሮፕላን አስቧት። ሳትጠፋ ላውጣ፣ ትንሽ ልጠብቅ እያላችሁ ደመወዝ የምታበሩባትን። እናቶችም ብትሆኑ፣ ሕፃኑ ቡና እንዳይደፋ ብላችሁ ስልክ የምታስይዙት ገና ሳይናገር ነው። አሥር ዓመት ሲሞላው «ይሄ ልጅ ከስልክ አልላቀቅ አለ» ብላችሁ ትቆጡታላችሁ። ማን አስያዘው?

ሪያድ፣ ዱባይ፣ ቤሩት ያላችሁ እህቶቼ፣ እናንተን ለመውቀስ አፍ የለኝም። ላባችሁን ነው የምትልኩት። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ብር ስትልኩ ልጁ ብቻ በሚከፍተው ስልክ አይሁን። ከጎረቤት የምታምኑት አንድ ሰው፣ ከዘመድም ቢሆን፣ በየሳምንቱ የሂሳቡን ዝርዝር ያይላችሁ። መልእክት ቢጠፋ ዝርዝሩ አይጠፋም። ልጁንም ስትደውሉ ከትምህርቱ በፊት ስለ ጌሙ ጠይቁት። ከማን ጋር ይጫወታል? ምን ይሉታል? ይነግራችኋል። የዚህን ልጅ እናት ማንም እንዲህ ብሎ አልመከራትም።

ከእሑድ ወዲህ ልጁ ከቤት አይወጣም። ቪዲዮው በግቢው የቴሌግራም ግሩፕ ተለቆ ነበር፤ ስለምኗችሁ አጠፋችሁት፤ አመሰግናለሁ። አንዲት ጎረቤት ስትሪፑን ገዝታ ለእማማ ወስዳላቸዋለች። ስሟ እንዳይጠራ ብላለች። ባለሱቁ አሁንም ይሸጣል። ትናንት ሳልፍ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ልጆች መስታወቱ ላይ ተደግፈው ብር ሲቆጥሩ አየሁ። ገብቼ አነጋገርኩት። «እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል» አለኝ። ልክ ነው፤ ሌላው ይሸጣል። ቢሆንም የሚሸጠው ሌላው ይሁን አልኩት። ዝም አለ። መዝጋቱን እጠራጠራለሁ፤ ግን ዝም ማለቱን እንደ መልካም ነገር ይዤዋለሁ፤ ከዚህ በላይ የያዝኩት ነገር የለኝም።

በሚቀጥለው ወር የዕድር ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዣለሁ። ከወንበር ግዢው ቀጥሎ ነው። ያዋጣነው 640 ብር ይመለስና ለእማማ ይሰጥ፣ ባለሱቁም የዱቤ ደብተሩን ይዞ ይምጣና የልጆቻችንን ቁጥር አንድ በአንድ ያንብብልን ነው የምለው። ሊቀመንበሩ «ይሄ የዕድር ጉዳይ ነው እንዴ?» ብለውኛል። ይሁንልኝ ብዬ ለምኛቸዋለሁ። እንደማትመጡ አውቃለሁ፤ ብትመጡም ጥግ ይዛችሁ ስልካችሁን ነው የምትነካኩት። ግድ የለም። የቀረ 50 ብር ይቀጣል፤ ለመቀጫው ስትሉም ቢሆን ኑ።